የእሙ ሰላምታ

ኮልፌ፣ ኅዳር 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ወለተጻድቅ፤ አንኮበር።

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልዎ ለአባ ገብረማርያም ጉልበት ስሜ እጅ እነሣለሁ። ከብበው ለሚሰሙት ለእማሆይ ቀለመወርቅ፣ ለጋሼ ተክለሃይማኖት፣ በራፉ ላይ ቆመው ለሚያዳምጡትም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ስሙን ያልጠራሁት ሰው ቢኖር ቅር አይበለው፤ ወረቀቱ አንድ ቅጠል ብቻ ነው።

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ነጋዴው ሽኩር ደብዳቤዎን ያደረሰኝ ለመስቀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወደ አገር ሲመለስ ባዶ እጁን ሰደድኩት። ዛሬ በቅሎዎቹን ደጄ ላይ አቁሞ «ሳትጽፍ አልንቀሳቀስም፤ እህትህ አልዩ አምባ ቤቴ ድረስ ወርደው ነው የሚቆጡኝ» ስላለኝ ይኸው ተቀመጥኩ።

የጠየቁኝን ነገር ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ። ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ማድ ቤቱ ውስጥ መክረምዎንም ሰምቻለሁ። እናታችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ከአንኮበር ስወጣም «ቤት ስይዝ አስመጣዎታለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ቃሌን አልረሳሁም። ግን እትዬ፣ አሁን አይምጡ።

ከተማው የድሮው ከተማ አይደለም። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ በኩል እያመጣው ነው። የሐበሻ ሰፈር እዚህ ይሆናል ብሎ በየሜዳው ገመድ ይዘረጋል፤ ዛሬ የቆመ ቤት ነገ ይፈርሳል። መንገዱም ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው አያሳልፍም። ደግሞ እዚህ ኮልፌ ብርዱ ክፉ ነው። የባሕር ዛፉ ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል፤ እርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን ያምዎታል።

እኔ እንደነገርኩዎ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ መጻሕፍት እየገለበጥኩ እኖራለሁ። ክፍሌ ጠባብ ናት። አንድ ሰው ከተኛባት ሌላው ቆሞ ማደር አለበት። ቁም ጸሐፊ ሁሉ ኑሮው እንዲህ ነው።

በሽኩር እጅ አንድ ቢላዋና አንድ ማጭድ ልኬያለሁ። ከገበያ የገዛኋቸው ናቸው። ብረታቸው ጥሩ ነው፤ ይህን ያህል አውቃለሁ።

ወንድምዎ ጉልላት


አንኮበር፣ ጥር 13 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጉልላት።

ይህን የምጽፈው እኔ አባ ገብረማርያም ነኝ፤ ቃሉ ግን የእህትህ የወለተጻድቅ ነው። የራሴን ቃል በጨመርኩ ጊዜ አስታውቅሃለሁ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሁለት ጊዜ ተነበበ። እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አላመመኝም፣ ማን እንደነገረህ አላውቅም። ለአንኮበር ሰው ስለ ብርድ መንገርህ ገርሞኛል። (አባ ገብረማርያም፦ ይህን አለዝቤ ነው የጻፍኩት፤ እሷ ያለችው ከዚህ ይከፋል።)

እኔ የጠየቅኩህ ስለ ገመድና ስለ ንፋስ አይደለም። ልምጣ ወይስ ልቅር ነው ያልኩህ። እዚህ እኛ ሰፈር ጭስ የሚወጣው ከአራት ቤት ብቻ ነው። የቀረው ሽማግሌና መነኩሴ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ሽማግሌም መነኩሴም አይደለሁም። ባለቤቴ ማይጨው ከቀረ ወዲህ በዚህ አገር ያለኝ የእናታችን መቃብርና የተቃጠለ ቤት ነው። አገርን ጥሎ መውጣት ለማንም ይከብዳል፣ እኔንም ይከብደኛል። ስንት ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ መልሼ እንደፈታሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን የሰው ደጅ ከምጠና ወንድሜ ጋር ብቀመጥ ይሻለኛል። ክፍልህ ከጠበበች ቆሜ አድራለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሽኩር ሲመጣ አብሬው ልምጣ? እሺ በለኝ ወይም አይሆንም በለኝ።

ቢላዋውና ማጭዱ ደርሰዋል። ማጭዱን አባ ወስደውታል። ቢላዋውን ለደብሩ ሰንበቴ ሰጠሁት፤ ዳቦው የሚቆረሰው በእሱ ነው። ከየት የመጣ ነው ሲሉኝ ጸሐፊው ወንድሜ የላከው ነው እላለሁ። ደስ ይለኛል እንዲህ ስል፤ አልዋሽህም።

አሁን የራሴ የአባ ገብረማርያም ቃል ነው። ልጄ ጉልላት፣ ድርሳነ ሚካኤላችን ከዕቃ ቤቱ ጋር እንደነደደ ሰምተሃል። ምእመናኑ ተነጋገርንና ልጃችን ጉልላት እያለ ሌላ ጸሐፊ ምን ያስፈልገናል ተባባልን። የፍየል ቆዳ ከየቤቱ ሰብስበን፣ ፍቀን፣ ብራናውን በሽኩር ልከንልሃል። ዘነበወርቅ ያረደቻት ፍየል ያለቻት አንዲት ናት። አትቸኩል፣ አሳምረህ ጻፈው። መጨረሻው ላይ የአንተንና የእናትህን ስም አግባበት፤ በተነበበ ቁጥር እንጸልይላችኋለን።


ኮልፌ፣ የካቲት 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ያልተላከ

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሽኩር አይወስደውም። ቢወስደው አባ ገብረማርያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ እርስዎም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተቀምጠው ይሰሙታል። ስለዚህ ጽፌ ሳጥኔ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። አንድ ቦታ እውነቱን ካልጻፍኩ ግን እፈነዳለሁ።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ቀጥቃጭ ነኝ።

መጀመሪያ ስጽፍልዎ ውሸት አልነበረም። አራዳ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ተጠግቼ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ እማር ነበር። አምና ይህን ሰሞን ጥይቱና እሳቱ ሲመጣ መሪጌታው ከቤታቸው አልወጡም። እኔ በባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ ምዕራብ ሮጥኩ። ኮልፌ ስደርስ ደበላ የሚባሉ ቀጥቃጭ ክንዴን ይዘው ከከሰል ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተቱኝና በላዬ ላይ ጆንያ ደረቡብኝ። ሦስት ቀን እዚያ ቆየሁ። ቂጣና ውኃ የምታቀብለኝ ልጃቸው እሙ ነበረች። ከቀጥቃጭ ቤት ዕቃ ውኃ አይጠጣም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን ማን ያስታውሰዋል። ጠጣሁ። ምንም አልሆንኩም።

ሲረጋጋ የምሄድበት አልነበረኝምና ወናፍ አናፋሁላቸው። ቀጥዬ መዶሻ ያዝኩ። አሁን ከተሰበረ የጣሊያን ካሚዮን ባሌስትራ ማጭድ አወጣለሁ። በአስኮ መንገድ ካሚዮን ሲሰበር ብረቱን ለቅመን እናመጣዋለን፤ ስለቱን ቶሎ አይጥልም። የላክኩልዎን ቢላዋና ማጭድ አልገዛኋቸውም፣ እኔ ነኝ የሠራኋቸው። የቢላዋውን እጀታ በቆዳ የጠመጠመችው እሙ ናት። እሙ ሚስቴ ናት። በሰኔ ተጋባን።

ብረት መቀጥቀጥ አያሳፍርም ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሰው ማረሻውን አይጸየፍም፣ ማረሻውን የሠራውን እጅ እንጂ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጋሼ ደበላን የመሰለ ሰው አላየሁም። እንዲህ እያልኩ ጀግና እሆንና አባ ገብረማርያም «ወንድሟ ቀጥቃጭ ቤት ገባ» ብለው ሲያነቡ የእርስዎ ፊት ይታየኛል። ያን ጊዜ መዶሻው ከእጄ ይወድቃል።

ግን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህም አይደለም። እሙ ወረቀት ባነሣሁ ቁጥር «ለእትዬ ሰላም በልልኝ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ እሷ ፊደል ስለማታውቅ አነብላታለሁ፤ መጨረሻው ላይ «ለእሙም ሰላም በልልኝ ይላሉ» እልና አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ደስ ይላታል። አንድ ጊዜማ አፌ አላርፍ ብሎ «መቼ ይሆን የማያት ብለዋል» አልኳት። ሄዳ ለአባቷ ነገረች። እኔ ያን ቀን እራት አልወረደልኝም። ለእርስዎ እሷን ደበቅኳት፣ ለእሷ ደግሞ እርስዎን ፈጠርኩላት።

ብራናው ደርሷል። ጭሱ እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ ሰቅዬዋለሁ። አንድ ቀን አውርጄ አንድ መስመር ልጽፍ ሞከርኩ። ደብዳቤ መሞነጫጨርና ብራና ላይ መጻፍ ለየቅል ነው፤ እጄ መዶሻ ለምዶ ፊደሉ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ፋቅሁት። የዘነበወርቅ ፍየል ትሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

ለእርስዎ የምልከው ሌላ ወረቀት ነው። ሁለት መስመር ነው። ብራናው ደርሶኛል፣ ከክረምት በፊት አይምጡ ይላል።


ኮልፌ፣ ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተጻድቅ፤ አንኮበር።

እንደምን ሰነበቱ? በዓሉን በደህና ዋላችሁ? ለአባ ገብረማርያም እጅ እነሣለሁ፤ ለሚሰሙት ሁሉ እንዲሁ።

ይህን የምጽፈው አዲስ ነገር ኖሮ አይደለም። ሽኩር በደህና ገብቷል ወይ ብዬ ነው። ባለፈው ሲመጣ ተቻኩሎ ስለነበር በወጉ አልተጫወትንም። ብቻውን ነበር የመጣው? እንዲያው ነው የጠየቅኩት፤ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

ብራናው እየተጻፈ ነው። ወደ ስድስተኛው ቅጠል ደርሻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ሰሞኑን ዓይኔ ደክሟል፤ የማውቀው ሰው በደጄ ቢያልፍ እንኳ አልለይም። ይህን ባልንጀሮቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ አይቶን ዝም አለን ብለው አይቀየሙኝም።

የሚሉኝ ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ወይም ይቆይ፤ ክረምቱም እየገባ ነው።

ጉልላት


አንኮበር፣ ግንቦት 25 ቀን 1930 ዓ.ም.

ጉልላት።

ይህን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅ። ከጥር ጀምሮ እማሆይ ቀለመወርቅ ፊደል አስቆጥረውኛል። አርባ ዓመት አልፎኝ ሀሁ አልኩ። ለምን በለኝ። ደብዳቤህ ሲነበብ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። ሰው ስለሚሰማ ነው፣ ብቻዬን ባነበው ይነግረኛል ብዬ ነው። አባ ይህን አላዩትም።

ዓይንህ ደህና ነው። አትዋሽ።

ሽኩር ብቻውን አልመጣም። ከክረምት በፊት አትምጪ አልከኝ። እኔ ደግሞ ወንድሜ ታሞ ይሆናል፣ ታስሮ ይሆናል ብዬ መጣሁ። ሽኩርን እንዳትነግረው ብዬ በአላህ አስማልኩት። መንገድ ላይ ሲያቅማማ አንተን እቆጣለሁ ብሎ የፈራ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተን ነገር ያውቅ ኖሯል።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄጄ የሚጽፍ ጉልላት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አላወቀህም። አንዲት ሴት «ጉልላት ቀጥቃጩ ነው?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «የኔ ወንድም እንዲህ አይባልም» ብያት አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ድምፅህን ሰማሁ። ብረት እየመታህ የዜማ ቤት ዜማህን ትል ነበር። እኔ ስንቅ እየቋጠርኩልህ የተማርከውን።

አየኸኝ። ዓይንህ ዓይኔ ላይ ወደቀ። ጎንበስ አልክና ብረቱን ገለበጥክ። ዜማውንም ተውከው።

እኔ ግን ቆምኩ። ጉልላት ብዬ ልጠራህ አፌ እምቢ አለኝ። ሚስትህ ፈገግ ብላ ወጣች። ሚስትህ መሆኗን ያን ጊዜ አላወቅኩም። «እናቴ፣ ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ፤ ይቀመጡ» አለችኝ። በጣሳ ውኃ አመጣችልኝ። ጣሳውን ተቀበልኳት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ደፋሁት።

አየችኝ። አልተቆጣችም። ባዶውን ጣሳ ተቀበለችኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። እሷ ናት ይቅርታ ያለችኝ። ዞር ብላ «ጉሌ» ብላ ስትጠራህ ነው ማንነቷ የገባኝ።

ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሽኩር በቅሎዎቹን አጠጥቶ ሳይጨርስ እንሂድ አልኩት። ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ቀጥቃጭነትህ ላለቅስ እቀመጥና የማለቅሰው ስለ ውኃው ነው። አንተ እህትህን አላውቅም አልክ። እኔ የሰው ልጅ የሰጠኝን ውኃ መሬት ላይ አፈሰስኩ። እኔ ነኝ ያሳደግኩህ፤ ከኔ የተማርከው ይህን ነው መሰለኝ።

ምንም የስድስተኛ ቅጠል ወሬ አልፈልግም። አሁን ብቻዬን ነኝ የማነበው። ንገረኝ።

ወለተጻድቅ


ኮልፌ፣ ሰኔ 18 ቀን 1930 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ፤ መሬቷም አልተከፈተች፣ እኔም ሥራ ገባሁ። በየካቲት የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ከዚህ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ፤ እዚያ ያለውን እዚህ አልደግመውም። ከሱ በኋላ የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

እርስዎ መሆንዎን ያወቅኩት ገና ከሩቅ፣ ሲራመዱ ነው። ዓይኔም አልደከመም፣ ጭስም አልጋረደኝም። እትዬ ብዬ ልነሣ ነበር። የለበስኩትን አየሁ፣ እጄን አየሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ሲሄዱም ሰማሁ። እሙ «የማን እናት ይሆኑ፣ ደክመዋል» ስትል «እንጃ» አልኳት። እንጃ። 

ደብዳቤዎ የመጣ ቀን እሙ እንደ ልማዷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ምን ይላሉ?» አለችኝ። አነበብኩላት። ሁሉንም፣ የውኃውን ጭምር። አንድ ቃል አልዘለልኩም። ከዚያ ሰላምታውን ነገርኳት። አንድም ጊዜ ለእትዬ ስምሽን ጽፌላቸው አላውቅም፣ እሳቸውም ሰላም ብለውሽ አያውቁም አልኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው። በኋላ «ታዲያ እስከ ዛሬ ሰላም ሲለኝ የነበረው ማን ነው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት።

«አንተማ እቤት አለህ» አለች። ተነሥታ እሳቱን አዳፈነች። ቆይታ ደግሞ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ውኃውን እኮ የሰጠኋቸው የጠማቸው መስሎኝ ነው» አለች።  ለአባቷም አልነገረችም። ሥራዋን ትሠራለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ስጠይቃት ትመልስልኛለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት፤ ለኅዳር ሚካኤል ትደርሳለች ይላሉ። ይህንንም ደብቄዎት ነበር።

ብራናውን ለመሪጌታ ጥሩሰው ሰጠኋቸው። የቀራንዮ ጸሐፊ ናቸው፣ እውነተኛ። ሄጄ ከእግራቸው ወድቄ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ብዕር የምቀርጽበት ስለታም ቢላ ካጣሁ ስንት ዘመኔ፤ አንተ ቢላ ሥራልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉኝ። ሦስት ሠራሁላቸው። ስሜ መጽሐፉ ላይ እንዳይገባ ለምኛቸዋለሁ። የእናታችን ስም ይግባ።

የጠየቁኝን ጥያቄ ሦስት ጊዜ በሌላ ነገር መለስኩልዎ። አሁን ልመልስ። ክፍሌ ጠባብ አይደለችም። ጋሼ ደበላ ለእኔና ለእሙ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተውልናል፤ አንደኛው ባዶ ነው፣ ከሰል እናስቀምጥበታለን። ከሰሉ ይወጣል። እትዬ፣ ይምጡ። ግን ቤቱ የቀጥቃጭ ቤት ነው። ሰው ያንን ያውቃል፣ ከመጡ እርስዎንም እንዲሁ ያይዎታል። ይህን ሸሽጌ አላስመጣዎትም። ባይመጡም አልፈርድብዎትም፤ ለመፍረድ ምን አፍ አለኝ።

ይህን ስጽፍ እሙ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ እህል ትለቅማለች። ወረቀቱን አይታዋለች። ሰላም በልልኝ አላለችኝም።

ጉልላት


አንኮበር፣ መስከረም 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእሙ ደበላ፤ ኮልፌ።

ጉልላት፣ ይህ ደብዳቤ ያንተ አይደለም። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት። አባቷም ይስሙ። አንዲት ቃል ብትዘል ስመጣ እጠይቃታለሁ።

እሙ፣ እንዴት ነሽ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ከዚህ በፊት ሰላም ያልኩሽ አንድም ቀን የለም። የመጀመሪያው ይህ ነው። ጉልላት የፈጠረልሽ ሰላምታ ከኔው ያማረ ሳይሆን አይቀርም፤ አፉን አውቀዋለሁ። እኔ ደረቅ ነኝ። ፊደልም ገና አላውቅበትም። ግን ይህ ከራሴ ነው።

የሰጠሽኝን ውኃ ደፍቻለሁ። ጠምቶኝ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ ነበር ደጅሽ የደረስኩት። ጉሮሮዬ ደርቆ እያለ ደፋሁት። ያሳደጉኝ እንዲህ ብለው ነው ልልሽ አሰብኩ። ማሳደጉንስ እንዲህ አሳደጉኝ፤ የደፋው እጅ ግን የኔ ነው። አንቺ ይቅርታ አልሽኝ። ይቅርታው የኔ ነበር፣ ወስደሽብኛል። መልሺልኝ። ይቅር በይኝ።

አሁን እዚህ የሆነውን ስሚ። ወንድሜ ሰኔ ላይ የጻፈውን ብቻዬን አነበብኩት። ሁለት ወር ያዝኩት። ሰው ሁሉ «ከጉልላት ወሬ የለም ወይ» ይለኛል፤ የለም እላለሁ። በየዕለቱ ስዋሽ ልክ እንደሱ ሆንኩ። ለዘመን መለወጫ ሰው አባ ገብረማርያም ደጅ ሲሰበሰብ ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ፤ አባ ሊያነቡት እጃቸውን ዘረጉ። «ዛሬ እኔ ነኝ የማነበው» አልኳቸው። ከእማሆይ በቀር ሴት ስታነብ አይተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ሳቁ። ቆሜ አነበብኩት። የከሰሉን ጉድጓድ፣ ያንቺን ቂጣ፣ የኔን ውኃ። ሁሉንም። ሦስት ቦታ ተደናቅፌያለሁ። እኩሌታው ሰው ሳልጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ዘነበወርቅ «ፍየሌስ?» አለችኝ። መሪጌታ እየጻፉበት ነው ስላት «እንግዲያስ» ብላ ተቀመጠች። እማሆይ ቀለመወርቅ አለቀሱ፤ ስለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ አባ ቢላዋውን መልሰው ላኩልኝ። የሰንበቴ ዳቦ በቀጥቃጭ ቢላ አይቆረስም ብለው ነው። ማጭዱን ግን አልመለሱም፤ አዝመራው እየደረሰ ነው። ወደ ሰንበቴውም እንዳልመጣ ሰው ልከውብኛል። ቢላዋውን ይዤዋለሁ። እጀታው ላይ ያለው ቆዳ አልተፈታም፤ ጠምጣሚው ጎበዝ ነው።

ልምጣ ልቅር እያልኩ ዓመት ሙሉ ወንድሜን ስጠይቅ ነበር። ጥያቄው የሱ አልነበረም፣ የኔ ነው። ወስኛለሁ። ሰው አፍራ ሸሸች ይለኝ ይሆናል። አፍሬ አይደለም አልልም፤ እዚህ ስላለው ነገር ግን አላፍርም፣ የማፍረው አንቺ ደጅ ስላደረግኩት ነው። ስለዚህ ወደዚያው ነው የምመጣው። ማድ ቤቱን አሳድሼ ለእማሆይ እሰጣለሁ። ከእናታችን መቃብር አጠገብ ያለውን አፈር በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሬያለሁ። የመስቀል ማግስት ሽኩር ይነሣል፣ አብሬው ነኝ። ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁ። የአራስ ቤትሽን እኔ እጠብቃለሁ፤ ገንፎሽን ማንም እንዳይነካው።

ስደርስ ማን ነዎት አትበይኝ። ደግሞ ተነሥተሽ ወደ ጓዳ አትሩጪ፣ ከብደሻል። ቀስ ብለሽ ውኃ ስጪኝ። በዚያው በጣሳው።

ለጉልላትም ሰላም በይልኝ።

እህትሽ ወለተጻድቅ